የወይዘሮ የሺመቤት በቀቀኖችና እኔ

ጡረታ በወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ሽኝት አደረጉልኝ። ተናጋሪዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ ከብት ስለሚፈጀው የደስታ በሽታ ክትባት፣ በበቅሎና በእግር ስላቋረጥኳቸው ገደሎች፣ ስለዳኑ በሬዎችና ስለተረፉ ላሞች ተናገሩ። ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ደስ ብሎኝ ሰማሁ። ነገር ግን እኔን ሐኪም ያደረገኝ በሬም ላምም አልነበረም። ሁለት በቀቀኖች ናቸው። አንደኛዋ በእኔ ጥፋት ሞተች፤ ሁለተኛዋን አዳንኳት። ይህን ተነሥቼ ብናገር ኖሮ አዳራሹ በሳቅ ይሞላ ነበርና አመስግኜ ተቀመጥኩ። አሁን የሚያጣድፈኝ ሥራ ስለሌለ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። የከብት ሐኪም ረዳትነት ትምህርቴን ጨርሼ የመጀመሪያ ምድቤ ንፋስ መውጫ ሆነ። ክሊኒክ የሚባለው ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤትና ከጎኑ ያለ በረት ነበር። ደመወዜ ትንሽ፣ የምሞላው ቅጽ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ አልልም። ትልቁ ሀብቴ አለቃዬ ነበሩ። አቶ ውብነህ ይባላሉ።

አቶ ውብነህ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። የትም ሲሄዱ አንዲት ትንሽ ዱካ በገመድ አንጠልጥለው ይይዛሉ። የታመመ እንስሳ ዘንድ ሲደርሱ ዱካዋን ራቅ አድርገው ያስቀምጡና ይቀመጡባታል። አይነኩም፣ አይናገሩም፤ ዝም ብለው ያያሉ። የከብቱ ባለቤት "ኧረ ጌታዬ፣ መርፌውን ይውጉልኝ" እያለ ሲለማመጣቸው፣ "ቆይ ወንድሜ፣ እየነገረኝ ነው" ይሉታል። ሊነኩ ሲነሡ ደግሞ አስቀድመው ሁለት እጆቻቸውን በብብታቸው ሥር ያሞቃሉ። በቀዝቃዛ እጅ የተነካ እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል ብለው ያምኑ ነበር። ለባለቤቱ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄም እንደሌላው ሐኪም "ምን በላ?" አልነበረም። "የት ያድራል?" ነበር።

አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኳቸው።

"ቀን ቀን እረኛውም ባለቤቱም መንገደኛውም ያየዋል" አሉኝ። "ከመሸ በኋላ ግን የሚያየው የለም። የዕድሜውን ግማሽ የሚያሳልፈው እኮ እዚያ ነው።"

እኔ ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት የያዝኩት ደብተር ገና አልተጨማደደም። ዱካ ላይ ተቀምጦ ከብት ማየት የሽማግሌ ልማድ ይመስለኝ ነበር።

ከገበያው በላይ ባለው ጉብታ ላይ የወይዘሮ የሺመቤት ግቢ ነበር። ወይዘሮ የሺመቤት ባለ ርስት፣ በአገሩ የተፈሩና የተከበሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ፊታውራሪ አብዛኛውን ጊዜ ጎንደር ስለሚሰነብቱ ቤቱንም መሬቱንም የሚያስተዳድሩት እሳቸው ነበሩ። በዚህ ቤት ሁለት በቀቀኖች ነበሩ፤ ከእርግብ ብዙም የማይበልጡ፣ ገላቸው አረንጓዴ፣ ራሳቸው ቢጫ። ትልቋ ወለላ፣ ትንሿ ብርቄ ይባላሉ።

ወለላን የላኩላቸው በጎሬ በኩል በውትድርና ያገለግሉ የነበሩ ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። ወንድምየው ከጫጩትነቷ ጀምረው ስላሳደጓት በእሳቸው ድምፅ መናገር ተምራለች። ደጅ እንደቆመ እንግዳ "ቤቶች፣ ቤቶች" ትላለች፤ ወፎቹን የምትጠብቀው፣ ጥሩ የምትባለው የቤቱ ሠራተኛ፣ ስንት ጊዜ በር ልትከፍት ሮጣ ባዶ ደጅ አግኝታለች። ደግሞም "የሺዬ" ትላለች፣ ልክ ወንድምየው እኅታቸውን ይጠሩበት በነበረው ድምፅ። ወንድምየው እዚያው ጎሬ ሳሉ በንዳድ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ያ ድምፅ የቀረው በወለላ ጉሮሮ ውስጥ ብቻ ነበር። ብርቄ ከነጋዴ የተገዛች፣ ገና አንድም ቃል የማትናገር ነበረች።

አንድ ጧት ከዚያ ግቢ ሰው ተላከ። ወለላ ላባዋን ነፍታ ትንቀጠቀጣለች አሉ። አቶ ውብነህ ለክትባት አርብ ገበያ ወርደው ስለነበር ብቻዬን ሄድኩ። የወፏ የሽቦ ቤት የተሰቀለው በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ በር ትይዩ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፋሱ ቀጥ ብሎ ይመታታል፤ የጋይንትን የጥቅምት ነፋስ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ሰው ዱካውን አስቀምጦ ትንሽ ቢያይ የሽቦውን ቤት ከበሩ አንሥቶ ጥግ ማስያዝ ብቻ በቂ መሆኑ ይገባው ነበር። እኔ ግን ቆሜ እንኳ ብዙ አልቆየሁም።

"ብርድ ነው እሜቴ፣ እኔ መላ አለኝ" አልኩ።

ቤቴ ሄጄ የምለብሰውን ወፍራም የበግ ፀጉር ባና ከጫፉ ቀደድኩና አፉ ጠበብ ያለች ከረጢት ሰፋሁ። ውስጧ የሚሞቅ፣ የሚጨልም፣ ወፏ ገብታ የምትተኛባት ከረጢት ናት። ሽቦው ጣራ ላይ አንጠለጠልኩላት። ወለላ አንገቷን አስግጋ አየቻት፣ በምንቃሯ ጎተት አደረገቻት፣ ከዚያ ዘው ብላ ገባች። ወይዘሮ የሺመቤት ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

"ወንድሜ ራሱ ቢኖር ከዚህ በላይ አያስብላትም ነበር" አሉ።

አቶ ውብነህ ሲመለሱ ሥራዬን በኩራት ነገርኳቸው። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ስለ ስፌቱ ነበር።

"ጠርዙን ዘምዝመኸዋል?"

"አልዘመዘምኩትም።"

"ክሩ ይመዘዛል። ወፍ ደግሞ ምንቃሯ ሥራ አይፈታም። ዛሬውኑ ሄደህ ዘምዝመው።"

እሺ አልኩ። በማግስቱ በታችኛው ቀበሌ አባ ሰንጋ ገባ ተባለና ወደዚያ ወረድን። ከዚያ መልስ ሌላ ሥራ መጣ። ወፏ ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ትናገራለች። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ስል ሳምንታት አለፉ።

ከዚያ ጥሩ ደስ ብሏት ክሊኒክ መጣች። ወለላ እንቁላል ጣለች። ሰው ሁሉ የመድኃኒቴ በረከት አድርጎ ወሰደው፤ እኔም እንደዚያው። አቶ ውብነህ ብቻ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"ወንድ በሌለበት፣ በዚህ ብርድ፣ ለምን ትጥላለች?" አሉ። መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ አልመሰለኝም።

ጥሩ እንቁላሉን አነሣችው። ወለላ ሌላ ጣለች። ያም ተነሣ፤ ሦስተኛ ጣለች። የኋለኞቹ ቅርፊታቸው ስስ ሆነ። ወፏ ከከረጢቷ አልወጣም አለች፣ እጁን ወደ ሽቦው የሚያስጠጋውን ሁሉ ትነክስ ጀመር፣ ከዚያም መብላት ተወች። በአምስተኛው እንቁላል ላይ አርብ ጧት ከሽቦው ወለል ላይ ሞታ ተገኘች።

አቶ ውብነህ ወይዘሮ የሺመቤትን ፈቃድ ጠይቀው ሬሳዋን ክሊኒክ አመጡ። የሞተን እንስሳ ሳይከፍቱ መቅበር አይወዱም ነበር። ቢላዋውን ለእኔ ሰጡኝ። ከጉሮሮዋ በታች ባለው የእህል ቋት ውስጥ የባቄላ ፍሬ የሚያክል ድብልብል ነገር አገኘሁ፤ በጣቴ ስፈታው የባናዬ ፀጉር ነው። ቀለሙን ለይቼ አወቅኩት። ከታች ደግሞ ቅርፊት ያልያዘ ለስላሳ እንቁላል መውጫው ላይ ተቀርቅሮ ነበር።

አቶ ውብነህ አልተቆጡኝም። እርሳሳቸውን በምላሳቸው አርጥበው በማስታወሻቸው ጻፉ። "ሁለት ነገር አየን" አሉ። "ክሩን አወቅነው። እንቁላሉን ግን አላወቅነውም። በል፣ ሄደህ ለእመቤቲቱ የምትናገረው አንተ ነህ።"

ያን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ለወይዘሮ የሺመቤት ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ባናው የእኔ መሆኑን፣ ጠርዙን እንድዘመዝም ታዝዤ ቸል ማለቴን። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"የወንድሜን ድምፅ ነው የገደልክብኝ" አሉ። "ከዚህ ቤት ውጣ። ሁለተኛ እግርህ እንዳይረግጠው።"

ወር ሳይሞላ ወደ ሲማዳ የሚያዛውረኝ ደብዳቤ መጣ። እሳቸው ያስደረጉት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም።

የሲማዳ ከተማ ወገዳ ስደርስ ክሊኒክ የሚባል ቤት እንኳ አልነበረም። አንዲት የመድኃኒት ሣጥንና አንድ በቅሎ ተሰጠኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ግን ከገበያ ዱካ መግዛት ነበር። ከዚያ በኋላ የታመመ እንስሳ ፊት ሳልቀመጥበት የቀረሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እዚያ አንድ መንደር ነበር፣ በየዓመቱ ጥጃዎች እየሳሉ የሚያልቁበት። ከእኔ በፊት የነበሩት መርፌ ወግተዋል፣ ሕዝቡም ጠበል ረጭቷል፤ አልሆነም። ሄጄ ተቀመጥኩና "የት ያድራሉ?" አልኩ። ጅብ እንዳይበላቸው ብለው መስኮትና ቀዳዳ በሌለው፣ ወለሉ በሽንት በራሰ ጎጆ ውስጥ ያጉሯቸው ነበር። ጧት በሩ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። ከጣራው ሥር ዙሪያውን ክፍተት አስወጣሁ፣ ጅብ የማያስገባ ማገር አስመታሁ፣ ወለሉን ጭድ አስነጠፍኩ። በሚቀጥለው ክረምት ከዚያ መንደር አንድ ጥጃ ብቻ ሞተ፤ እሱም ገደል ገብቶ ነው። የመንደሩ ሰዎች ማር ይዘው መጡ። እኔ ግን ማሩን ተቀብዬ ስመለስ የማስበው አቶ ውብነህን ነበር።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሠርቼ ወደ እስቴ ተዛወርኩ። እዚያም ነው ትምህርቴን የጨረስኩት፤ አስተማሪዬ አያ ሞላ የሚባሉ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ናቸው። አያ ሞላ ንብ ያረባሉ። ቀፎ ለመስቀል የማይወጡበት ዛፍ የለም፤ ከወንዙ ዳር ያሉትን ሾላዎችና ዋንዛዎች አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። አንድ ቀን አብሬያቸው ስወርድ ከሾላው አናት ላይ አረንጓዴ ወፎች እየጮኹ ተነሡ። ራሳቸው ቢጫ ነው። ወለላን በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ።

"እነዚህ የት ነው የሚያድሩት፣ አያ ሞላ?"

"እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ነው እንጂ።"

"ጉድጓድ ውስጥ አይገቡም?"

አያ ሞላ ሣቁ። "የዛፍ ጉድጓድማ እኔንም ያጣላኛል ከነሱ ጋር፤ ንቤ የሚፈልገውን እነሱ ይይዙታል። ግን ለእንቅልፍ አይደለም። ጉድጓድ የሚገቡት ሲጋቡና እንቁላል ሲጥሉ ነው። ጨለማ ጉድጓድ ካገኙ፣ ሆዳቸውም ከጠገበ፣ ልባቸው ወደ መውለድ ይሄዳል። ጫጩቶቹ ከበረሩ በኋላ ተመልሰው አያዩትም።"

በአያ ሞላ ቃል ብቻ አልቆምኩም። ከሥራ በተረፈኝ ጊዜ ሁሉ ዱካዬን ይዤ ወደ ወንዙ እወርድ ነበር፤ ከአንድ መስከረም እስከሚቀጥለው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይመጣሉ፣ ከነፋስ የሚከለል ወፍራም ቅርንጫፍ ይመርጣሉ፣ ትንሽ ይጨቃጨቃሉ፣ ከዚያ ዝም። አንድ እግራቸውን ላባቸው ውስጥ ይሸሽጋሉ፣ ምንቃራቸውን ጀርባቸው ላይ ይቀብራሉ። ጧት ውርጭ በወረደበት ቀን እንኳ ደህና ሆነው አያቸዋለሁ። ከጨለመ እስኪነጋ ድረስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚነካቸው የለም፣ መብራት አያዩም። ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ያየሁት አያ ሞላ እንዳሉት በአንድ ወራት ብቻ ነው።

ነገሩ የገባኝ በዚያ ዓመት ነው። እኔ ለወለላ የሰፋሁላት መኝታ አልነበረም፤ መውለጃ ጉድጓድ ነው የሰፋሁላት። ጨለማ፣ ሙቀት፣ ምግብ ሳይጎድል በየቀኑ። ገላዋ የመውለጃ ጊዜሽ ደርሷል እያለ ሲገፋት ከረመ። እንቁላሉ በተነሣባት ቁጥር የጠፋውን ልትተካ ሌላ ጣለች፣ የቅርፊቱ መሥሪያ የሆነው በአጥንቷ ያለው ካልሲየም እስኪያልቅ። ዛሬ የተማሩት ሐኪሞች ሆርሞን ይሉታል። እኔ ስሙን ያወቅሁት ብዙ ዘግይቼ ነው፤ ሥራውን ግን ከሾላው ሥር ተቀምጬ አየሁት። ክሩ ባይገድላት እንኳ እንቁላሉ ይገድላት ነበር።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለአቶ ውብነህ ላክሁ። መልሱ ባጭሩ እንዲህ የሚል ነበር፦ "ደብዳቤህ ሲደርስ ብርቄም እንቁላል መጣል ጀምራለች። እኔን ቁርጥማት አልጋ ላይ አውሎኛል። ለእመቤቲቱ አንተን እንዲጠሩ ነገርኳቸው። እምቢ አሉ። ደግሜ ነገርኳቸው። ና።"

ሁለት ቀን በበቅሎ ሄጄ ንፋስ መውጫ ገባሁ። በቅድሚያ የሄድኩት አቶ ውብነህ ቤት ነው። ከአልጋቸው ሆነው ዱካዬን አዩና ፈገግ አሉ። "ብርቄ አሁን ትናገራለች" አሉኝ። "ወለላ ከሞተች በኋላ ነው የጀመረችው። የምትለውን ስትሰማ እንዳትደነግጥ።"

የግቢው በር ላይ ጥሩ ተቀበለችኝ። ወደ አዳራሹ ስገባ ወይዘሮ የሺመቤት ወንበራቸው ላይ ናቸው። እጅ ነሣሁ። አልመለሱልኝም። ከጥግ ያለው የሽቦ ቤት ውስጥ፣ ከእንጨት የተሠራች ጠባብ ሣጥን አለች፣ ውስጧ በለስላሳ ቆዳ የተለበጠ። ከእኔ ስሕተት ተምረው ክር የሚባል እንዳይኖርባት አድርገው ያሠሯት ናት። ከሣጥኗ ውስጥ፣ በወንድ ድምፅ፣ "የሺዬ" የሚል ተሰማ። ትንሿ ወፍ ከትልቋ ቀድታ ይዛዋለች።

"ሰማህ?" አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። "የቀረኝ ይሄ ነው። ይቺን ሳትነካት ማዳን የምትችል ከሆነ አድናት። እጅህን እንዳታሳርፍባት።"

"እሺ እሜቴ። ዛሬ ማየት ብቻ ነው" አልኩና ዱካዬን አስቀመጥኩ።

እስኪመሽ ድረስ አየሁ። ላባዋ ከደረቷ ላይ ረግፏል፤ ራሷ ነጭታው ነው። ጥሩ ስትጠጋ ለመንከስ ትወረወራለች። ወይዘሮ የሺመቤት ሲያነሷት ግን ክንፏን አርገፍግፋ ትንበረከካለች፤ እሳቸውም ጀርባዋንና ከክንፏ ሥር ይዳብሷታል፣ ለብ ያለ ገንፎ በጣታቸው ያጎርሷታል። እንግዳ ሲኖር አዳራሹ ውስጥ የማሾ መብራት እንደበራ ያመሻል፤ እንግዳ የማይኖርበት ቀን ደግሞ የለም። ሰባት እንቁላል ጥላለች፣ ሰባቱም ተነሥተዋል።

በማግስቱ ጧት ጥሩ ሮጣ መጥታ ጠራችኝ። ብርቄ ከሽቦው ወለል ላይ ተኮራምታለች፣ እግሮቿ ተከፍተዋል፣ ጭራዋ በእያንዳንዱ እስትንፋስ ወደ ታች ይወርዳል። ስምንተኛው እንቁላል ተቀርቅሯል። ወለላ የሞተችበት አኳኋን ነው።

"እሜቴ፣ አሁን ካልነካኋት ትሞታለች" አልኩ።

ወይዘሮ የሺመቤት ከሽቦው ቤት በር ፊት ቆሙ። "ብትሞትስ በእጅህ?"

"ብትሞት በእጄ ነው የምትሞተው። እንደ በፊቱ መጥቼ ራሴ እነግርዎታለሁ።"

 ከዚያ ከበሩ ገለል አሉ።

ትንሿን ጓዳ ዘጋን። ጥሩ የሚፍለቀለቅ ውኃ በድስት እያመላለሰች ጓዳውን በእንፋሎት ሞላችው። እጆቼን በብብቴ ሥር አሞቅሁና ብርቄን አነሣኋት። ሲያቅፏት ምንም አትከብድም፤ እንደ ደረቅ ቅጠል ናት። ለወለዱ ላሞች አቅም ሲከዳቸው የምንሰጠው የካልሲየም መድኃኒት ይዤ መጥቼ ነበር። በውኃ አቅጥኜ በጠብታ፣ እያረፍኩ፣ ትንፋሿን እየጠበቅሁ ሰጠኋት። መውጫዋን ለብ ባለ የኑግ ዘይት አለሰለስኩ። ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኳትና ተቀመጥኩ።

የቀረው ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ነው፤ አለመንካት። እንቁላሉን በጣት ልግፋው የሚል ሐሳብ በየደቂቃው ይመጣል። ከገፋሁት ግን ውስጧ ይሰበራል። እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከተትኩና ያዝኳቸው። ረፋዱ አለፈ፣ ቀትር ሆነ። በየሰዓቱ ጠብታ ሰጠኋት። ወይዘሮ የሺመቤት ከበሩ ውጭ ወንበር አስመጥተው ተቀምጠዋል፤ በር ሥር የቀሚሳቸውን ጫፍ ብቻ አያለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ብርቄ ብድግ አለች፣ ሰውነቷ ተወጠረ፣ እንቁላሉም ወጣ። ሙሉ፣ ያልተሰበረ። ለትንሽ ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ራሷን አራግፋ ውኃ ጠጣች። በሩን ከፈትኩ። ወይዘሮ የሺመቤት ገብተው ወፏን አዩ፣ እንቁላሉን አዩ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

"ዛሬ ድናለች" አልኳቸው። "እንዳይመለስባት ግን ቤቱ መለወጥ አለበት። የሚከብደው ለእርስዎ ነው።"

"ተናገር።"

"ሣጥኗ ትውጣ።"

"ብርዱስ? ራቁቷን ናት እኮ።"

"የሚጎዳት ነፋሱ ነው እሜቴ፣ ብርዱ አይደለም። በሦስት በኩል ከነፋስ እንከልላታለን፤ የላባዋን ነገር እሷ ታውቅበታለች። ሌላው፣ ጀርባዋን አይዳብሷት። ራሷንና አንገቷን ብቻ ይከኩላት። እርስዎን ባሏ አድርጋዎታለች።"

ጥሩ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። ወይዘሮ የሺመቤትም ሊስቁ ነበር፤ አልሳቁም። "የወንድሜን ድምፅ አጠገቤ ይዤ ሳልዳብስ ልኑር?" አሉ ቀስ ብለው።

"ድምፁን የሚያኖረው አለመዳበስዎ ነው" አልኩ።

ሁለት ወር ፈቃድ ጠይቄ እዚያው ቆየሁ። ከእህል ቤቱ አጠገብ ያለችውን ጸጥተኛ ክፍል ለብርቄ ብቻ አደረግናት። ከወይራ ከነልጣጩ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ፤ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ያለ፣ እግሯ በአንድ ዓይነት ነገር ላይ ብቻ ቆሞ እንዳይቆስል። የምታድርበት ቅርንጫፍ ከሁሉ ከፍ ያለው እንዲሆን፣ ኩሷ እንዳይረግፍበት ግን በውኃዋና በእህሏ አናት ትክክል እንዳይሆን አደረግኩ። በሽቦው ላይ ምንም የሚንጠለጠል ክር፣ ጨርቅ ወይም ገመድ እንዳይኖር በጣቴ ዳስሼ ፈተሽኩ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መስኮቷ በወፍራም መጋረጃ ይዘጋል፤ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ይከፈታል። እንግዳ ቢመጣም፣ ፊታውራሪ ራሳቸው ቢመጡም። ገንፎው ቀረ፤ በምትኩ ፍሬ፣ ጎመንና የተቆላ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት። የጣለችውን እንቁላል አልጣልነውም። ቀቅዬ መለስኩላት። ለሦስት ሳምንት ያህል አቀፈችው፣ ከዚያ ሰለቻትና ተወችው። ዘጠነኛ አልጣለችም።

የመጀመሪያው ጧት ትዝ ይለኛል። ውጭ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ወይዘሮ የሺመቤት መጋረጃው እስኪከፈት መታገሥ አቅቷቸው ከእኔ ቀድመው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ስንገባ ብርቄ ከላይኛው ቅርንጫፍ ላይ በአንድ እግሯ ቆማ፣ ምንቃሯን ጀርባዋ ላይ ቀብራ ተኝታለች። ልክ እንደ እስቴዎቹ። እመቤቲቱ ወደ ኋላ ተመለሱና፣ "እንዳንቀሰቅሳት" አሉኝ በሹክሹክታ።

በሁለተኛው ወር ደረቷ ላይ አዲስ ላባ ወጣ። መንከሷን ተወች። ጠዋት ጠዋት "ቤቶች" እያለች ጥሩን በር ታስሮጣት ጀመር። ወደ አቶ ውብነህ ሄጄ ነገርኳቸው። ከትራሳቸው ሥር ማስታወሻቸውን አወጡ፣ ወለላ የሞተችበትን ገጽ ገለጡና እርሳሱን ለእኔ ዘረጉልኝ። ከእንቁላሉ ጥያቄ ሥር ባዶ ቦታ ትተው ነበር። እርሳሱን በምላሴ አርጥቤ ጻፍኩበት። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ ሠላሳ ዓመት ስጠይቅ ኖሬ ይህን አላገኘሁትም" አሉኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ከተሰጡኝ የምስክር ወረቀቶች ሁሉ ያችን ቃል እመርጣለሁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ተጓዘ። ከጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ተቆጣጣሪ ሐኪም ወይዘሮ የሺመቤት ቤት ምሳ ተጋብዞ ብርቄን አሳዩት፤ ያደረግሁትን እሳቸው ራሳቸው አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት። በሚቀጥለው ዓመት እስቴ ላይ ክሊኒክ ሲከፈት ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ። ከዚያ ወዲህ ዶሮ ማደሪያ ያማከረኝ፣ ርግብ ያመጣልኝ፣ ከጋይንቷ ቤተ ልሔም ድረስ በቀቀን በእቅፉ ይዞ የመጣልኝ ሰው ብዙ ነው። ከወፎቹም አብዛኞቹ ዳኑ።

እስቴ ላይ አለሚቱን አገባሁ፤ የአያ ሞላ የእኅት ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጃችን ሴት ሆነች። የክርስትናዋ ቀን ሲቃረብ አለሚቱ "ክርስትና እናት ወይዘሮ የሺመቤት ይሁኑላት" አለችኝ። እሳቸውን የሚያህል ሰው ሁለት ቀን ተጉዞ የከብት ሐኪም ልጅ ክርስትና ሊያነሣ አይመጣም ብዬ ተከራከርኳት። ሳትነግረኝ ላከችባቸው።

በሰማንያ ቀኗ ጧት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆመን ሳለ፣ ከበሩ ውጭ የበቅሎ ኮቴ ሰማን። ወይዘሮ የሺመቤት ከነአጃቢዎቻቸው ደርሰው ከበቅሏቸው ወረዱ። የመንገዱ አቧራ ነጭ ቀሚሳቸው ላይ ነበር። ቄሱ "የክርስትና እናቷ ማን ናቸው?" ሲሉ ሕዝቡን አልፈው ፊት ወጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ፣ ሲቆጡኝም ሲያመሰግኑኝም፣ የጠሩኝ "አንተ" ብለው ነው። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም ነበር።

ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

"አቶ አስናቀ" አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ልጅዎን ይስጡኝ።"

ልጄን እጃቸው ላይ አኖርኳት።